የድብ ቅጠልና የእንስራ ጎመን

የእማማ ማልሬ ጉልበት ሁለት ዓመት ሙሉ በመርፌ ሐኪም ሲታከም ከርሞ ቅንጣት ታህል አልተሻለውም። እንዴትስ ይሻለዋል? ያ ጉልበት መርፌ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።

በዚያ በጋንግዎን ተራራ አገር ገበያ የሚውለው በየአምስት ቀኑ ነው። እማማ ማልሬ በገበያ ቀን በማለዳው አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ቤት ላሉት የሚናገሩት «ጉልበቴን ላስወጋ» ብለው ነው። ከተማ ሲደርሱ ግን የሐኪሙን ደጃፍ በሩቁ አልፈው፣ ሌላ አውቶቡስ ይዘው ወደ አገር በቀል ዕፅዋት አጸድ ይወጣሉ። ለአረጋውያን መግቢያው በነፃ ነው። ቀኑን እዚያ ውለው ማታ እያነከሱ ቤታቸው ይገባሉ። ማነከሱ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ለወጉ ያህል ነው።

ነገሩ እንዲህ ተሸፋፍኖ ይኖር ነበር፣ ምራታቸው ሊየን ባትነሳባቸው ኖሮ።

ሊየን የቬትናም ልጅ ናት። የእማማ ማልሬን አንድ ልጅ፣ ሙንሺክን፣ አግብታ ወደዚያ ተራራ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የጥቅል ጎመኑን ማሳ ከባሏ እኩል ትኮተኩታለች። ሶል የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለቻት። ለአማቷ አንድ ቀን ክፉ ቃል መልሳ አታውቅም። ብቻ በሁለቱ መሀል የማይሞቅ ነገር አለ። «እናቴ» ትላለች፣ ጎንበስ ብላ ትሰጣለች፣ ጎንበስ ብላ ትቀበላለች፣ ከዚያ ዘወር ትላለች። አብሮ ተቀምጦ መሳቅ የሚባል ነገር በዚያ ቤት አልነበረም።

በረዶው ቀልጦ ተራራው አረንጓዴ መልበስ በጀመረበት ሰሞን፣ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ሊየን ለምሳ ኪምባፕ፣ ያንን በባሕር ቅጠል የሚጠቀለል ሩዝ፣ ጠቅልላ በሣጥን አድርጋ፣ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ዛሬ አብሬዎት እሄዳለሁ፣ እናቴ።»

«የት?»

«ሐኪሙ ጋ። ሁለት ዓመት ወግቶ ያላዳነበትን ምክንያት ይንገረኝ። እርስዎ ሰው ነዎት እንጂ የመርፌ መሰኪያ አይደሉም።»

እማማ ማልሬ ያላነሱት ሰበብ የለም። ችግኙ ውሃ ይፈልጋል አሉ፤ ጠጥቷል። ሶል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማን አለ አሉ፤ አባቷ አለ። አውቶቡሱ ይጨናነቃል አሉ፤ ሊየን መቆም እንደማይከብዳት ነገረቻቸው። ምን ያድርጉ? ተሳፈሩ።

መንገዱን ሁሉ በመስኮቱ እያዩ ዘዴ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሄዱ። ሐኪሙ ታሟል እንዳይሉ፣ ሰውየው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲጋራ የማጨስ ልማድ አለው። ከተማው ሊገቡ ሁለት ፌርማታ ሲቀራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሐኪም የለም» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«የሚወጋኝ ሐኪም የለም። የምሄደው ሌላ ጋ ነው።»

ሊየን ጭኗ ላይ ያለውን ሣጥን ወዲህ ወዲያ አደረገችው። ቆይታ ቆይታ፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«ሽማግሌው ደህና ሰው ነው?» ብላ ጠየቀች።

እማማ ማልሬ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። «አንቺ ልጅ፣ በሰባ ስድስት ዓመቴ ባል ፍለጋ ልዙር? አበባ ነው የማየው። አበባ።» ከፊታቸው የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን አዙሮ ሁለቱንም አያቸውና መልሶ ወደ ጋዜጣው ገባ።

እንግዲህ አጸዱ ዘንድ ደረሱ። ያ አጸድ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ አበባ የለበትም። እዚያው አገር የበቀለ፣ የአገሩ ሰው ሲረግጠውና ሲበላው የኖረ ሣርና ቅጠል ብቻ ነው በመደብ በመደብ የተተከለው። ሊየን ግራ ቀኝ ስታይ ቆየችና ሳቋ መጣ።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ከጓሯችን አለ። ያም አለ። ይሄንንማ ትናንት ነቅዬ ጥዬዋለሁ።»

«እዚህ ሲሆን ሌላ ነው።»

«ምኑ?»

እማማ ማልሬ መልሱን ያውቁታል። ግን ከአፋቸው የሚወጣ መልስ አልነበረም። እዚያ ያለው ተክል ሁሉ ከእግሩ ሥር ትንሽ ሰሌዳ ተተክሎለታል፤ ሰሌዳው ላይ ስሙ ተጽፏል። እማማ ማልሬ ልጅ ሳሉ አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች በደጃቸው ያልፉ ነበር፤ ስማቸው በወረቀት ተጽፎ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ነጭ መሐረብ በመርፌ ቁልፍ ተይዞላቸው። እሳቸው ታናሽ ወንድማቸውን አዝለው ከአጥር ውስጥ ያዩዋቸዋል። ያ መሐረብ ከዓይናቸው ጠፍቶ አያውቅም። እነዚህ ቅጠሎች እነዚያን ልጆች ይመስሏቸዋል፤ ስማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ተሰልፈው፣ የሚጠራቸውን የሚጠብቁ።

እማማ ማልሬ ፊደል አልቆጠሩም ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሲዳሩ «አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች» ተብለው ነው የተዳሩት። ባልየው በሳምንቱ ደረሰበት። ደግ ሰው ነበርና ሆድ ይፍጀው ብሎ ሃምሳ ዓመት ሸፈነላቸው። ደብዳቤ ሲመጣ መነጽሩን የሚፈልገው እሱ ነው። ብቻቸውን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መሄድ ግድ ከሆነባቸው ደግሞ እማማ ማልሬ ቀኝ እጃቸውን በመሐረብ ጠምጥመው ይሄዳሉ። «ማጭድ ቆርጦኝ ነው፣ ልጄ፣ አንተው ሙላልኝ።» ሙንሺክ እንኳ አያውቅም። ሊየንም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ከአማቷ የሰማችው ያንኑ አራተኛ ክፍል ነው።

በሁለቱ መሀል ያለው ብርድም የገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው። ሶል መዋዕለ ሕፃናት የገባች ዓመት፣ ሊየን የአገሩን ፊደል ገና ሳትለይ፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ይዛ ወደ አማቷ ቀረበች። ምን እንደሚል እንዲነግሯት ጠየቀች። የእማማ ማልሬ ባል ማሳ ነበር፣ ሙንሺክም የለም። እማማ ማልሬ ወረቀቱን ያዙ፣ አገላበጡ፣ ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ወለሉ ላይ ወረወሩትና «ዓይን የለሽም? ሁሉን እኔ ላስተምርሽ?» አሏት። በማግስቱ ሽርሽር ኖሯል። ልጆቹ ሁሉ የምሳ ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ሶል ባዶ እጇን ተቀምጣ ነበር፤ አስተማሪዋ ከራሷ አካፈለቻት። ሊየን ይህን ስትሰማ አንድ ቃል አልተናገረችም። በዚያው ዓመት ከሳሙና ካርቶንና ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ እየለቀመች ፊደሉን አወቀች። ከዚያ ወዲያ ወረቀት ይዛ ወደ አማቷ ቀርባ አታውቅም።

ባልየው በሞተ ዓመት የመንደሩ ሽማግሌዎች ማኅበር ወደዚህ አጸድ ወጣ። እማማ ማልሬ የአያት አበባ ፊት ቆሙ፤ ያቺ አንገቷን የደፋች፣ ስታረጅ ነጭ ጸጉር የምታበቅል። ከሥሯ ሰሌዳ አለ። ሌላው ሰው ሰሌዳውን አንብቦ ነው አበባዋን የሚያውቃት። እሳቸው ግን አበባዋን ከልጅነታቸው ያውቋታል፤ ታዲያ የተጻፈው ስሟ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጎረቤቷን አዩ፤ እሱም በስሙ መጨረሻ «አበባ» የሚባል ነው፤ ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ያው ምልክት አለ። ሦስተኛውም ላይ አለ። ቆጥ ላይ ያለች ዶሮ እንደሚይዝ ሰው ቀስ ብለው ቀረቡና ምልክቱን ያዙት። ያቺ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከዚያ በየገበያው ቀን አንድ ሁለት እየያዙ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉ ቆጥ ሞላላቸው።

አሁን ሊየን ከኋላቸው እየተከተለች ሰሌዳዎቹን ድምፅ አውጥታ ታነባለች። አንዲት ሰማያዊ ጢንጥዬ አበባ ጋ ስትደርስ «የውሻ ቆለጥ» ብላ አነበበችና አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ማልሬ ስሙ እውነት መሆኑን፣ ፍሬውን ሲያዩት ስም ያወጣለት ሰው እንዳልዋሸ ነገሯት። ሌላ መደብ ጋ ደግሞ «የምራት ሩዝ» የሚል አገኘች። እማማ ማልሬ ያንን መደብ ሁልጊዜ በፍጥነት ነው የሚያልፉት። ሊየን ግን ቆመች፣ ታሪኩን ካልነገሩኝ አለች። እንግዲህ ምን ይደረግ፤ ሩዙ በስሏል ወይ ብላ ሁለት ፍሬ ስትቀምስ አማቷ በዱላ መትታ የገደለቻት ምራት እንደነበረች፣ ከመቃብሯ ላይ የበቀለው አበባ ከንፈሩ ቀይ ሆኖ ሁለት ነጭ የሩዝ ፍሬ እንደያዘ ነገሯት።

«አማትየውስ? በስሟ የተጠራ አበባ አለ?»

«አማት አበባ የላትም» አሉ እማማ ማልሬ። «እሾኽ ይኖራት ይሆናል።»

ሊየን ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፣ ግን ለሳቸው ተሳቀች። እማማ ማልሬ ልባቸው ሞቀ፤ ያን ጊዜ ብንመለስ ይሻል ነበር ብለው ጥቂት ቆይተው አስበዋል።

ከዚያ ዥረቱ ዳር ደረሱ። እዚያ ሁለት መደቦች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ የድብ ቅጠል ነው፤ የዚያ ተራራ ሰው ክረምቱን ሙሉ የሚናፍቀው፣ ሩዝና የአኩሪ አተር ድልህ ተጠቅልሎበት የሚጎረስ፣ ሽታው አፍንጫ የሚከፍት። ሁለተኛው የእንስራ ጎመን ነው። ስሙ ጎመን ይባል እንጂ መርዝ ነው። አበባ ሳያወጡ፣ ገና ቅጠል ሳሉ፣ ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። በየዓመቱ በዚያ ወቅት ይሄንን ያንን ነው ብሎ በልቶ ሐኪም ቤት የሚገባ ሰው አይጠፋም።

እማማ ማልሬ እንደ ልማዳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሰሌዳውን አነበቡ። «የድብ ቅጠል» ይላል። ቀና ብለው ቅጠሉን አዩት። ወፍራም ነው፣ በዘይት የታሸ ይመስል ያብረቀርቃል፣ የጠርዙ ጥርስ ደነዝ ነው። ልባቸው ስንጥቅ አለ። ይሄ የእንስራ ጎመን ነው። ወዲያኛውን መደብ አዩ፤ እዚያ የድብ ቅጠሉ ለስላሳ ፊቱን ዘርግቶ፣ በእንስራ ጎመን ስም ተቀምጧል።

የሚገርመው፣ መጀመሪያ የተጠራጠሩት ራሳቸውን ነው። ሰሌዳ ይሳሳታል ብለው አላሰቡም። ሁለት ዓመት የለቀሙት ፊደል በአንድ ጊዜ እንደ አመድ በነነባቸው። «ድብ» ያሉት ምልክት ድብ ካልሆነ፣ አበባውም አበባ አይደለም፣ አያቷም አያት አይደለችም። ሊየንን እዚያው ጠብቂኝ ብለው ጉልበታቸውን እየጎተቱ ዳገቱን ወጡ። ላይ የድብ እንጆሪ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ ግንዱን ቀይ ጠጉር የሸፈነው፣ ዓይነ ስውር እንኳ በእጁ ዳስሶ የሚያውቀው። ሰሌዳውን በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። የድብ ምልክት ያው ነው። አንዲት ጭረት አልተለወጠችም።

ፊደሉ እውነቱን ነው። እንግዲያው የዋሸው ሰሌዳው ነው።

ሲወርዱ ከዥረቱ ዳር አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሴቶች ደርሰው አገኙ፤ ከከተማ ለሽርሽር የመጡ፣ ባለ ባርኔጣ። ሐምራዊ ባርኔጣ ያደረገችው ስልኳን አውጥታ የሚያብረቀርቀውን ቅጠል ፎቶ ታነሳለች። ለጓደኞቿም ይሄ ቅጠል ከአባቷ መቃብር አጠገብ ካለው ወንዝ ዳር እንደሞላ፣ እስከ ዛሬ ምንነቱን ሳታውቅ እንደኖረች፣ እሑድ መቃብሩን ሊጎበኙ ሲሄዱ ጆንያ ይዛ እንደምትሄድ ትነግራቸዋለች።

«ያ አይበላም፣ እህቴ» አሉ እማማ ማልሬ፣ ከጎኗ ቆመው።

«ተጽፎበታል እኮ፣ እማማ። የድብ ቅጠል ይላል።»

ሌሎቹ በትሕትና ሳቅ አሉ። በዚህ መሀል የአጸዱ ጠባቂ ናም መጣ። ናምና እማማ ማልሬ ይተዋወቃሉ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት፣ እሳቸው ሳያስቡት እጃቸው በገዛ ራሱ ሄዶ አንድ ጭብጥ የድብ ቅጠል ቀንጥሶ ነበር፤ ናም ባርኔጣቸው ውስጥ አገኘባቸው። የዚያ አገር አሮጊት የሚበላ ቅጠል አይታ እጇን መሰብሰብ አትችልም፣ ይሄን እሱም ያውቃል፤ የገዛ እናቱም እንደዚያው ናት። ቢሆንም ሁለተኛ ቢደገም ከበሩ እንደማያልፉ ነግሯቸዋል።

«ዛሬስ ባርኔጣው ባዶ ነው፣ እማማ?»

«ባዶ ነው። ሰሌዳው ተሳስቷል፣ ወንድሜ። ሁለቱ ተለዋውጠዋል።»

ናም ፈገግ አለ። ሰሌዳዎቹን በመከር ራሱ ነቅሎ፣ ራሱ ቀለም ቀብቶ፣ በረዶው ሲቀልጥ ዶክተሮቹ በጻፉት ዝርዝር መሠረት ራሱ እንደመለሳቸው ገለጸላቸው። ከዚያም በለሆሳስ፣ ሰው ፊት ላለማሳፈር ብሎ፣ መነጽራቸውን ይዘው እንደሆነ ጠየቃቸው።

መልስ የሰጠችው ሊየን ናት። ከኋላ መጥታ ከአማቷ ጎን ቆመች፤ ሣጥኗን ደረቷ ላይ አቅፋ።

«አማቴ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል» አለች፣ በዚያ በሚሰባበር አነጋገሯ። «ማንበብ ያውቃሉ። ተሳስቷል ካሉ ተሳስቷል።»

በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ከጎናቸው ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው። የቆመችበት ግን ያ ውሸት ነው። እማማ ማልሬ ፊታቸው ነደደ። ዝም ቢሉ ያልፍላቸዋል፤ እንዳከበረቻቸው ቤታቸው ይገባሉ። እሑድ ደግሞ ያቺ ሴት ጆንያዋን ይዛ ወንዝ ትወርዳለች።

«እኛም ተምረናል፣ እማማ» አለች ባለ ሐምራዊ ባርኔጣዋ፣ ሳትቆጣ። «የተጻፈው የድብ ቅጠል ነው።»

«ልክ ነሽ። የተጻፈው የድብ ቅጠል ነው።» እማማ ማልሬ ሊየንን አላዩም፤ ዥረቱን ነው ያዩት። «እኔ አራተኛ ክፍል አልደረስኩም። አንደኛም አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት እዚህ ነው፣ በእነዚህ ሰሌዳዎች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። እናንተ ሰሌዳውን አይታችሁ ቅጠሉን ታውቃላችሁ። እኔ ቅጠሉን አይቼ ነው ሰሌዳውን ያወቅሁት። ቅጠሉን ከተሳሳትኩ፣ አንድም ፊደል የለኝም ማለት ነው።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ናም ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ቅጠል መቀንጠስ ክልክል መሆኑን ለራሱ እያጉረመረመ ጎንበስ ብሎ ከሚያብረቀርቀው አንድ ቅጠል ቀነጠሰ። በመዳፉ አሽቶ አሸተተው። ሣር ሣር ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ከወዲያኛው መደብ አንድ ቀነጠሰና አሸው፤ ሽታው ከእሱ አፍንጫ ሳይደርስ ሴቶቹ ጋ ደረሰ። የዚያ አገር ሰው ያንን ሽታ ከእናቱ ጉርሻ ጋር ነው የሚያውቀው። ባለ ሐምራዊ ባርኔጣዋ ስልኳን አውጥታ ፎቶዋን አጠፋች፤ ከዚያ የእማማ ማልሬን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም።

ናም ሰሌዳዎቹን ነቅሎ አቀያየረ። ይህም አልበቃውም። ወደ መጋዘኑ ሮጦ ሄዶ ነጭ ጣውላና ወፍራም ብዕር ይዞ መጣ፤ ከመርዙ ፊት የሚተከል ማስጠንቀቂያ እንዲሆን። ብዕሩንም ለእማማ ማልሬ ዘረጋላቸው። ዛሬ የራሱን እጅ እንደማያምነው፣ እሳቸው ቢጽፉት ሌሊት እንደሚተኛ ነገራቸው።

የእማማ ማልሬ ግራ እጅ ሳያዙት ኪሳቸው ገባ፣ መሐረቡን አወጣ፣ በቀኝ እጃቸው ጣቶች ላይ መጠምጠም ጀመረ። ሃምሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው።

ሊየን ያንን መሐረብ ታውቀዋለች። ስንቴ ቁስሉን ላጥብልዎ ብላ የጨው ውሃ አፍልታ አምጥታ፣ ተመልሳለች። አሁን አየችው፤ አየችና ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ከፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ሣጥኗን መሬት አስቀመጠች። ቀስ ብላ መሐረቡን ፈታችው፣ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«እኔ ጣውላውን እይዝልዎታለሁ፣ እናቴ።»

እማማ ማልሬ ጻፉ። አንዱን ምልክት ከየትኛው ቅጠል እንደለቀሙት እያሰቡ፣ አንዱን ተራራ አንዱን ሸለቆ አድርገው ጻፉ። «መርዝ ነው» የሚለው ላይ ከየትኛውም ቅጠል ያላገኙት ምልክት ነበረና ብዕሩን ይዘው ቆሙ። ሊየን መዳፋቸውን ገልብጣ በጣቷ ሥላ አሳየቻቸው። ኮረኮራቸው። ሁለተኛ ሣይ አሏት፤ ሁለተኛ ሣለችላቸው።

ምሳቸውን የበሉት ከድብ እንጆሪው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሊየን ኪምባፑን አቀረበች፣ ትልቁን ወደሳቸው ገፋች። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚበሉትን ብቻ እያዩ በሉ።

«ያን ቀን» አለች ሊየን። «የሶልን ወረቀት።»

«ምን እንደሚል አላወቅሁም ነበር።»

«የናቁኝ መስሎኝ። አራት ዓመት።»

«መናቅ?» እማማ ማልሬ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። «ፈርቼሽ ነው፣ ልጄ። ወረቀት ይዘሽ በመጣሽ ቁጥር ፈራሁሽ። ያቺ ልጅ ያን ቀን ባዶ እጇን መቀመጧ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።»

ሊየን ቦርሳዋን ከፈተች፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ጠዋት ከሶል ቦርሳ ያገኘችው የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ነው። እሷ አንብባዋለች፤ ለማንበብ የማንም እርዳታ አያሻትም ነበር። እንደዚያን ቀን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ አማቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«እናቴ፣ ይሄ ምን ይላል?»

እማማ ማልሬ ወረቀቱን ያዙ። ማንበብ ጀመሩ። ይህቺን ከአያት አበባ፣ ያቺን ከእንጆሪው፣ ያንን ከውሻው እያመጡ፣ ሲሳሳቱ እየተመለሱ፣ የሰላምታውን መስመር ብቻ ለመጨረስ ብዙ ደከሙ። «ለተከበራችሁ ወላጆች» የሚል ነው፤ እሱን ሲጨርሱ እንባቸው መጣ፣ በእጅጌያቸው ጠርገው ቀጠሉ። ሊየን አልረዳቻቸውም። ቸኩላም አላየቻቸውም። ታች መንገዱ ላይ አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። እማማ ማልሬ ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሰው ቆሙ፣ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁት።

«ቅማል ነው የሚለው?»

«ቅማል ነው።»

ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ቅማል ስለታየ ወላጆች የልጆቻቸውን ጸጉር እንዲመለከቱ ነበር ማስታወቂያው። እማማ ማልሬ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊየን እያለቀሱ መስሏት ቀና ስትል እየሳቁ ነው። ሃምሳ ዓመት ሲፈሩት የኖሩት ወረቀት ስለ ቅማል ኖሯል። ሊየንም ተያዘች። ሁለቱም ተደጋግፈው ሲስቁ፣ ናም ከታች ከዥረቱ ዳር ቀና ብሎ አያቸው።

ሳቃቸው ሲያልቅ ሊየን የጸጉሯን ማሠሪያ ፈታች። ሶል እቅፏ ውስጥ ገብታ ስለምትተኛ ቅማሉ ለእሷም ሳይተርፍ እንዳልቀረ ነገረቻቸውና፣ በዚያ መርፌ አይቶ በማያውቀው ጉልበት ላይ ራሷን አስጠጋች። እማማ ማልሬ ጸጉሯን በጣታቸው እየከፈሉ፣ መስመር በመስመር፣ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ማየት ጀመሩ።

«አለ?» አለች ሊየን፣ ዓይኗን ጨፍና።

«ዝም በይ» አሉ። «እያነበብኩ ነው።»